ፕሮባዮቲክ እንክብል፦ ለተቅማጥ እንጂ ለቆሽት አይገዛም

በደሴና በኮምቦልቻ ፋርማሲዎች «ጠቃሚ ባክቴሪያ» እየተባለ የሚሸጠው እንክብል፣ አንቲባዮቲክ ለሚያመጣው ተቅማጥ ከሆነ ክፉ አይደለም። ለቆሽት መቆጣት ብሎ የሚገዛው ሰው ግን ገንዘቡን ብቻ አይደለም የሚያጣው።

«ቆሽቴ አረረ» የምንለው ነገር እዚህ የምር ነው፤ ቆሽት ምግብ በሚፈጭበት በገዛ ኢንዛይሙ ራሱን ይፈጫል። ሕመሙ ሲጠና ወደ አንጀት የሚደርሰው ደም ያንሳል፣ የአንጀት ግድግዳ ይሳሳል፣ አርፈው የኖሩት ባክቴሪያዎችም ሾልከው የሞተውን የቆሽት ሥጋ ይበክላሉ። ታዲያ ደጉን ባክቴሪያ ብንጨምር ክፉውን ያስለቅቃል ተባለ። ሲያወሩት ያምራል። ኔዘርላንድ ውስጥ ተሞክሮ በ2008 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ጥናት ግን ተስፋውን አፈረሰው። ሕመማቸው ይጠናል ተብሎ ከተገመቱ 296 ሰዎች ስድስት ዓይነት ባክቴሪያ በቱቦ ከተሰጣቸው 16 በመቶው ሞቱ፤ ለማወዳደሪያ ባክቴሪያ የሌለበትን ባዶውን ከወሰዱት 6 በመቶ። ኢንፌክሽኑ አልቀነሰም። ይባስ ብሎ ባክቴሪያ ከተሰጣቸው የዘጠኙ አንጀት ደም አጥሮት ተጎዳ፤ ከባዶው ወገን አንድም አልነበረም። ድብልቁ ከእኛ ፋርማሲ እንክብል ጋር አንድ ነው ማለት አይደለም፤ ቢሆንም እንዲህ ያለ ውጤት እያለ መሞከር ድፍረት ነው።

ከእምብርት በላይ ጀምሮ ወደ ጀርባ የሚወጋ ሕመም ከትውከት ጋር ከመጣ ፋርማሲ አትቁሙ፤ ሆስፒታል ሂዱ። ሊፔዝ የሚባለው የደም ምርመራ ከመደበኛው ጣሪያ 3 እጥፍ ካለፈ ነገሩ ቆሽት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። አልትራሳውንዱ የሐሞት ጠጠር፣ በእኛ አገር ደግሞ የሐሞት ቱቦው ውስጥ የገባ ወስፋትም ይፈልጋል። የአንጀቱን ግድግዳ የሚጠብቀው ምግብ ነው፤ በሽተኛው ከቻለ በ24 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል። ቀናት ሙሉ አፍ ማሰር የድሮ ልማድ ነው።

ለተቅማጡ ስትገዙ የባክቴሪያው ሙሉ ስምና እስከ ማብቂያ ቀኑ የሚቆየው ብዛት መጻፉን እዩ። «ከ2–8 ዲግሪ» የሚል ከሆነ ከፍሪጅ ወጥቶ ይሰጣችሁ፤ የደሴ ብርድ ያዘናጋል፣ ኮምቦልቻ ግን ፀሐይ በመታው መደርደሪያ ላይ ባክቴሪያው ይሞታል። ከአንቲባዮቲኩ በ2 ሰዓት አራርቁት፣ በትኩስ ሻይም አትበጥብጡት።

አንድ ነገር አታምታቱ፦ ቆሽቱ በቆየ ሕመም የደከመበት ሰው ሐኪም የሚያዝለት የኢንዛይም እንክብል ሌላ ነው፤ እሱ ከምግብ ጋር ካልተዋጠ አይሠራም።