ዲጂታል የእፍግታ መለኪያ፦ ከወራት ሥራ በኋላ የታዘብኩት

የዲጂታል እፍግታ (አንድ ነገር ለይዘቱ ያለው ክብደት) መለኪያ ሻጮች አስቀድመው የሚያወሩት ስለ ፍጥነቱ ነው። በእርግጥም በብርጭቆ ፒክኖሜትር (ይዘቱ በታወቀ፣ በሚዛን በሚመዘን ትንሽ ጠርሙስ) ረጅም ሰዓት የሚወስደውን ሥራ በደቂቃዎች ይጨርሳል። ለእኔ ግን ያወጣሁበትን ገንዘብ ያካካሰልኝ የሙቀት ቁጥጥሩ ነው።

መሣሪያው ውስጥ የዩ ቅርጽ ያለው ቀጭን የመስታወት ቱቦ አለ። በሲሪንጅ አንድ ሚሊ ሊትር ያህል ናሙና ሲገባበት ቱቦው እንዲርገበገብ ይደረጋል። ናሙናው በከበደ መጠን እርግብግቢቱ ይዘገያል፤ እፍግታውም ከዚሁ ይሰላል። የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ዲጂታል መሣሪያ በ1967 እ.ኤ.አ. ከኦስትሪያዋ ግራዝ ከተማ ከወጣ ወዲህ የአሠራሩ መሠረት ያው ነው። የእኔው ከነጥብ በኋላ አራት አሃዝ ያነባል።

በይዘት አርባ በመቶ አልኮል ያለው የውሃ ድብልቅ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 0.948 ግራም ያህል ነው። አንድ ዲግሪ ሲሞቅ በ0.0007 ገደማ ይቀንሳል። ይህ ወደ አልኮል መጠን ሲመለስ 0.4 በመቶ ያህል ይሆናል። ጠዋት በሚቀዘቅዝና ከሰዓት በኋላ በሚሞቅ ክፍል ውስጥ በተንሳፋፊ ሃይድሮሜትር የሠራ ሰው በዚህ ልዩነት ስንት ጊዜ እንደተከራከረ ያውቃል። ይህ መሣሪያ ናሙናውን ራሱ 20 ዲግሪ ላይ አድርሶ ያቆየዋል፤ ክርክሩም ቀርቷል።

አዲስ አበባ ላይ ለሚጠቀም ሰው አንድ ነገር አጥብቄ እመክራለሁ። መለኪያው የሚስተካከለው በአየርና በንጥር ውሃ ነው። በባሕር ወለል ደረጃ የአየር እፍግታ በ20 ዲግሪ 0.0012 ነው፤ እኛ ዘንድ ግን 0.0009 ገደማ ነው። ስለዚህ የአካባቢን የአየር ግፊት በትክክል ማስገባት ያስፈልጋል። በአየር ትንበያ የሚነገረው ግፊት ብዙውን ጊዜ ወደ ባሕር ወለል ተስተካክሎ የተሰላ ስለሆነ አያገለግልም፤ እዚህ ያለው እውነተኛ ግፊት 770 ሄክቶፓስካል አካባቢ ነው። የተሳሳተ ግፊት የሚያመጣው ስህተት ውሃ ላይ አይታይም፤ ናሙናው በእፍግታ ከውሃ እየራቀ ሲሄድ ግን እየጎላ ይመጣል።

ትልቁ ጠላት አረፋ ነው። 50 ሚሊ ሊትር ውሃና 50 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል ሲቀላቀሉ 96 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሆናሉ፤ ድብልቁም ይሞቃል፣ የሟሟ አየርም ይለቃል። ወዲያው ወደ ቱቦው ከገባ በመመልከቻው መስኮት በኩል፣ ቱቦው የሚታጠፍበት ቦታ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል አረፋ ተጣብቃ ትታያለች፤ የመጨረሻዎቹ አሃዞችም አልረጋ ይላሉ። አልኮሉ እንዳይተን ጠርሙሱን ከድኖ ማቀዝቀዝና ሲሪንጁን በዝግታ መግፋት ያስፈልጋል።

ቅር የሚለኝ በስክሪኑ ላይ የሚወጣው «የአልኮል መቶኛ» ነው። መሣሪያው የሚለካው እፍግታን ብቻ ነው፤ መቶኛውን የሚያወጣው ውሃና አልኮል ብቻ እንዳሉ ቆጥሮ ነው። ጠጅ ሲገባበት ያልፈላው የማር ስኳር እፍግታውን ከፍ፣ አልኮሉ ዝቅ ያደርገዋል፤ የሚወጣው ቁጥር ምንም አይነግርም። ጠጅ አስቀድሞ መነጠር አለበት። ያልተበረዘ ማርም ወፍራምነቱ እርግብግቢቱን ስለሚያፍነው ንባቡን ከእውነተኛው ከፍ ያደርገዋል፤ በሚዛን ለክቶ በውሃ ማቅጠን ይሻላል።

ከአካሉ ቀድማ የደከመችው ቱቦውን የምታደርቀው ትንሽ የአየር ፓምፕ ናት። ሳይደርቅ የቀረ እርጥበት የአየሩን ንባብ ከ0.0009 በላይ ስለሚያደርገው ችግሩ ወዲያው ይታወቃል። መለዋወጫዋ በቀላሉ ስለማትገኝ፣ መሣሪያውን የሚገዛ ሁሉ ሁለተኛ ፓምፕ በዚያው ግዢ ውስጥ ያካትት። ለውሃና አልኮል ወይም ለውሃና ስኳር ትክክለኛ ውጤት ለሚፈልግ ቤተ ሙከራ ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ። ሦስት አሃዝ ለሚበቃው ግን በእጅ የሚያዘው ዓይነት ይሻለዋል፤ ዋጋውም ይቀልለታል።