ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ታሪክ አጥኚ የሚጠቅም የሐረር አሮጌ መጻሕፍት መደብር

ከጀጎል ቅጥር ውጭ የሚገኘው ይህ አነስተኛ መደብር ለተማሪዎች መጽሐፍ በማከራየት ቢታወቅም፣ እኔ ዋጋ የምሰጠው በኋለኛው መደርደሪያ ለተከማቹት የነጋሪት ጋዜጣ እትሞችና የመምህሩ መምሪያዎች ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንበብ የሚቻልበት ሌላ መደብር በከተማችን አላገኘሁም።

ከእትሞቹ ሁሉ ይበልጥ ያቆየኝ በ1940 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ግብር አዋጅ ቁጥር 94 ሲሆን፣ ባለመሬቶች ለትምህርት ማስፋፊያ ግብር እንዲከፍሉ የሚደነግግ ነው። የመምህራን ሥልጠና በአዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የተጀመረው በ1936 ዓ.ም. በመሆኑ፣ አዋጁ ሲወጣ ለትምህርት ቤቶች ገንዘብ መሰብሰብ እንጂ በቂ የሠለጠነ መምህር ማቅረብ ገና አልተቻለም ነበር። ገንዘቡን ማን እንደሚከፍል ከአዋጁ እንረዳለን፤ መምህሩ ክፍል ገብቶ ምን እንዲያደርግ ይጠበቅ እንደነበር ግን የሚነግሩን መምሪያዎቹ ናቸው፤ ስለዚህም አዋጆቹን ብቻ ገዝቶ የሚሄድ ሰው ግማሹን ታሪክ ትቶ እንደሚሄድ አምናለሁ።

የትምህርት ቤቶችን አስተዳደር ለማጠናከር የወጣው አዋጅ ቁጥር 260/1976 እና የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም እዚያው ይገኛሉ። ፖሊሲው ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ለሚያስተምሩ የሠርተፍኬት፣ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ለሚያስተምሩ ደግሞ የዲፕሎማ ሥልጠና እንዲያስፈልግ ስላደረገ፣ በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም (ቲ.ቲ.አይ.) ያለፉ የሐረር መምህራን ይህን ሰነድ ቢያነቡ የራሳቸውን የሥራ ዘመን መነሻ ያገኙበታል።

የመደብሩ ጉድለት አደረጃጀቱ ነው። እትሞቹ በዓመት ቅደም ተከተል አልተደረደሩም፤ አንዳንዶቹም ገጽ የጎደላቸው ስለሆኑ ከመክፈል በፊት ገጽ በገጽ መመልከት ያስፈልጋል። የነጋሪት ጋዜጣ ዋጋም ከመምሪያዎቹ በእጅጉ ይበልጣል፤ ሆኖም የሚፈለገው አንድ አዋጅ ብቻ ከሆነ፣ ባለቤቱ በመያዣ ሰጥተው በአቅራቢያ ኮፒ ማስደረግን ስለሚፈቅዱ ሙሉ እትም መግዛት አያስፈልግም። ለተመራማሪ ያላቸው ትዕግሥት በእውነት የሚመሰገን ነው፤ የጠፋውን ሰነድ በደብተር መዝግበው፣ ሲያገኙ ስልክ ይደውላሉ።

ከሰዓት በኋላ ብዙ ጊዜ ስለሚዘጋ ጠዋት መሄድ ይመረጣል፤ የሚፈለገውን አዋጅ ቁጥርና ዓመተ ምሕረት ጽፎ መያዝም ፍለጋውን በእጅጉ ያሳጥራል።