ለተገጣጠመ ዕቃ፦ ቋሚ ዋጋ ወይስ የክፍሎቹ ድምር?

ስታዲየም አካባቢ ኮምፒውተር ገጣጥሞ የሚሸጥ ሱቅ የንብረት መመዝገቢያ ሶፍትዌር ሲያስገባ መምረጥ አለበት። የተገጣጠመው ዕቃ ቋሚ ዋጋ ይኑረው ወይስ ሶፍትዌሩ የክፍሎቹን ዋጋ ይደምር?

ቋሚው ለሻጭ ይቀላል። "ስንት ነው?" ሲባል መልሱ አንድ ነው። ጣጣው ዋጋ ሲንር ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን፣ ከውጭ የሚመጣ ራምና ሃርድ ዲስክ ዋጋው አይረጋም። ክፍሉ ጨምሮ የሙሉው ዋጋ ካልተነካ እየሸጡ መክሰር ነው። ሶፍትዌሩ ደግሞ ዝም ይላል።

የክፍሎቹ ድምር ከተመረጠ ግን የራም ዋጋ ሲስተካከል የኮምፒውተሩም አብሮ ይስተካከላል። የመገጣጠሚያው የእጅ ዋጋ ግን እንደ አንድ ክፍል ካልተመዘገበ ሥራው በነፃ ሆነ ማለት ነው። 43,217 ብር ዓይነት ቁጥርም ያወጣል፤ ያው ደንበኛው መከራከሩ አይቀርም!

ለሱቅ ሽያጭ እኔ ድምሩን እመርጣለሁ። ለጨረታ ግን ቋሚው ግድ ነው፤ የሰጡት ዋጋ ጸንቶ በሚቆይበት ጊዜ ውስጥ መጨመር የለም።