ከጃንጥላው ሥር ለሚቀመጡት ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን

ይህን ጽሑፍ መጻፍ የነበረብኝ ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። እማዬ በየቀኑ «ጻፍሽው ወይ?» ትለኛለች። ይኸው እማዬ፣ ጻፍኩት።

እናቴ የምትኖረው ከኮተቤ ወዲያ ነው። የለገዳዲ ውሃ ወደ አዲስ አበባ የሚገባው በዚያ በኩል ቢሆንም እኛ ሰፈር በፈረቃ ነው የሚመጣው። በሳምንት ሁለት ቀን ከመጣ ተመስገን ነው። ሌሊት ተነስተን ሮቶ እንሞላለን፣ ጀሪካን እንደረድራለን። እንዲህ እየኖርን የሚያዝያ ወር ቢል 4,200 ብር ሆኖ መጣ።

ቢሉ 74 ሜትር ኩብ ይላል። አንድ ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር ነው፤ በባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 50 ማለት ነው። አባዝቼ አየሁት፤ 3,700 ጀሪካን! በቀን ከ120 በላይ። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ለሚመጣበት ግቢ።

ብሩ ብቻ ቢሆን ይሻል ነበር። ግቢያችን ውስጥ የምትኖር ተከራይ አለች፣ አራስ ልጅ ያላት። የሕፃን ልብስ ታጥባለች፣ ምን ታድርግ። እማዬ ቢሉን ያየች ቀን «ውሃውን የጨረስሽው አንቺ ነሽ» አለቻት። ልጅቷ መልስ አልሰጠችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እማዬ ቡና ስታፈላ መምጣት ተወች። ሌላ ቤት እየፈለገች እንደሆነ የሰማሁት ከጎረቤት ነው። እማዬም ተናግራ ተጸጽታለች፣ ግን ቃሏን እንዴት ትመልሰው? ከአባዬ ሞት በኋላ ማታ ማታ የምታወራት ይቺው ልጅ ነበረች።

የሄድንበትን ቦታ ሁሉ ስም አልጠራም። ግን ልናገረው፣ አንጀቴ አሯል። አንዱ መስኮት «ሲስተም የለም» አለን። ሌላው «ቆጣሪው ያነበበውን ነው የምትከፍሉት» ብሎ ፊቱን አዞረ። ኃላፊው ስብሰባ፣ ኃላፊው መስክ፣ ኃላፊው ሐሙስ ይመጣሉ። አንድ ቧንቧ ሠራተኛ «ቆጣሪው አየር ነው የቆጠረው፣ አስቀይሩት» አለን። አንድ ሰው ደግሞ በር ላይ አግኝቶን «እኔ ውስጥ ሰው አለኝ፣ እጨርስላችኋለሁ» አለና 500 ብር ወስዶ ስልኩን ዘጋ።

ከሁሉም ያመመኝ ግን አንድ ነው። የውሃው ውል በአባዬ ስም ነው። መስኮት ላይ ያለው ሰው ወረቀቱን አየና እማዬን «ባለቤቱ ራሳቸው ይምጡ» አላት። አባዬ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው። እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ዝም አለች። እኔም ምንም ሳልመልስለት ይዣት ወጣሁ።

ጋሼን ያገኘናቸው የዚያን ቀን ነው። ከታክሲ መጨረሻው ወረድ ብሎ ፎቶ ኮፒ ቤት አለ፤ ከጎኑ ባህር ዛፍ ሥር አረንጓዴ ጃንጥላ ዘርግተው ይቀመጣሉ። ማመልከቻ ጸሐፊ ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም፣ ሰፈሩም «ጋሼ ጸሐፊው» ነው የሚላቸው። እማዬ ስትደክም አዩና ከወንበራቸው ተነስተው አስቀመጧት። እሳቸው ቆሙ። ከዚያ፣ ሦስት ሳምንት ስንመላለስ ማንም ያልጠየቀንን ጠየቁን፦ «ምን እንዲሰጧችሁ ነው የምትፈልጉት?»

እኔ ስለ በደሉ ማውራት ጀመርኩ። በትዕግሥት ሰሙኝና «ልጄ፣ ቅሬታ ብለሽ ከጻፍሽ ‹እናጣራለን› ይሉሻል። መጀመሪያ መዝገቡን ጠይቂ። ቆጣሪው በየወሩ ስንት እንደተነበበ እነሱ ጋ ተጽፏል። እሱን በእጅሽ ያዢ» አሉኝ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመረጃ ነፃነት አዋጅ፣ ቁጥር 590፣ ማንም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ እንዲጠይቅ መብት እንደሚሰጠው፣ መልሱም በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት እንዳለበት የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። እኔ ዲግሪ አለኝ፣ ይህን ግን አላውቅም ነበር።

ከዚያ የአባዬን ስም ጠየቁ። ነገርኳቸው፣ ማረፉንም ጨምሬ። ብዕራቸውን አስቀመጡ። ባርኔጣቸውን አወለቁና «ነፍሳቸውን ይማር» አሉ። ወደ እማዬ ዞረው «እትዬ፣ ‹ሟች ባለቤቴ› ብዬ ልጻፈው ወይስ በስማቸው ብቻ እንዲሆን ይፈልጋሉ?» አሏት። እማዬ «ባለቤቴ በሉልኝ» አለች። እንደዚያው ጻፉት፤ የወራሽነት ማስረጃውንም ኮፒ እንድናያይዝ ነገሩን። ጽፈው ሲጨርሱ ከላይ እስከ ታች ጮክ ብለው አነበቡላት። እማዬ ፊርማዋ ቀስ ያለ ነው፣ ፊደሉን አንድ በአንድ ነው የምትስለው። ወረቀቱን እንዳይንሸራተት በሁለት ጣታቸው ይዘውላት ጠበቁ። ከኋላችን ሦስት ሰው ተሰልፏል። አላጣደፏትም። ይህን እስክሞት አልረሳውም።

ደብዳቤው አንድ ገጽ አይሞላም። ጉዳዩ፦ የቆጣሪ ንባብ መዝገብ እንዲሰጠን ስለመጠየቅ። የውል ቁጥር፣ የቆጣሪ ቁጥር፣ ከመስከረም እስከ ሚያዝያ የእያንዳንዱ ወር ንባብ፣ ንባቡ በአካል ታይቶ ነው ወይስ በግምት። በቃ። «በሁለት ኮፒ ነው። አንዱን ገቢ አስደርጊ፣ በቀሪው ላይ ማህተምና የገቢ ቁጥር ሳታስመቺ እንዳትመለሺ» አሉኝ። የቆጣሪውንም ፎቶ እንዳነሳ ላኩኝ። ክዳኑን ሳነሳው ሸረሪት አድርቶበታል። መስታወቱን በእርጥብ ጨርቅ ነው የጠረግኩት።

በዘጠነኛው የሥራ ቀን መዝገቡ ተሰጠን። ወረቀቱን ይዤ ወደ ጋሼ ሮጥኩ። መነጽራቸውን አድርገው ጣታቸውን ከላይ ወደ ታች አወረዱት። መስከረም 6 ሜትር ኩብ። ጥቅምት 6። ኅዳር 6። እስከ መጋቢት ድረስ 6፣ 6፣ 6። ከዚያ ሚያዝያ 74። «ይኸውልሽ» አሉኝ። «ሰባት ወር ሙሉ ያነበበ ሰው የለም። በግምት ሞልተው ኖረው የስምንት ወሩን ትርፍ ባንድ ወር ጫኑባችሁ።» የውሃ ዋጋ በደረጃ ነው፣ በወር ብዙ የተጠቀመ በውዱ ሂሳብ ይከፍላል። ከዚያ በላይ ያለውን ስሌት አስረድተውኛል፣ እውነቱን ለመናገር አልገባኝም። የገባኝ ውሃውን ማንም እንዳላባከነው ነው። በስምንት ወር ውስጥ ሁላችንም የተጠቀምንበት ነው።

ሁለተኛውን ደብዳቤ፣ የማስተካከያውን፣ እዚያው ጻፉልኝ። ለመጀመሪያው 100 ብር ነበር የተቀበሉኝ። ለዚህኛው ብር ስዘረጋላቸው እጄን መለሱት። «ያው የፊተኛው ጉዳይ ነው» አሉ። ቆጣሪው እንደገና ተነበበ፣ ሂሳቡ በየወሩ ተከፋፈለ፣ 4,200 የነበረው ወደ 1,700 ብር ወረደ። በቴሌብር ከፈልነው። መዝገቡን ፈልጋ ያተመችልንን የማህደር ክፍል ልጅም አመሰግናለሁ። አንድ ጊዜ እንኳ ፊቷን አላጠቆረችብንም።

እማዬ ወረቀቱን ይዛ በቀጥታ ወደ ተከራያችን በር ሄደች። ምን እንዳለቻት አልሰማሁም፣ ቆሜ ማዳመጥም አልፈለግኩም። ማታ ግን ሦስት ሲኒ ቀረበ። ሕፃኑ እማዬ ጭን ላይ ተኝቶ ነበር። ልጅቷ ቤት መፈለጓን ትታለች።

እባካችሁ፣ የውሃም ይሁን የመብራት፣ የቀበሌም ይሁን የመሬት ጉዳይ ያላችሁ፣ በር ላይ «እጨርስላችኋለሁ» ለሚል ሰው ብር ከመስጠታችሁ በፊት እኚህን ሰው አማክሩ። ደግሜ እላለሁ፣ አማክሩ። እናት አባታችሁንም ይዛችሁ ሂዱ፣ አያሳፍሯቸውም። የመጨረሻ ደረሰኛችሁን፣ የውል ቁጥራችሁንና የቆጣሪውን ፎቶ ያዙ። ጠዋት ከ2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ አሉ። ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ነው። ዝናብ ከሆነ ፎቶ ኮፒ ቤቱ በረንዳ ላይ ታገኟቸዋላችሁ።

ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። እማዬ ለቅዳሜ ድፎ ደፍታለች፣ ይዤ እመጣለሁ።