ብረት የተቀላቀለበት የፍሬን ሸራና ልሙጥ ዲስክ በኮሮላ፦ ከ8 ወር በኋላ

የፊት ጎማዎቹ ላይ የገባው ብረት የተቀላቀለበት ሸራና በመሃሉ አየር የሚያሳልፍ ልሙጥ (ቀዳዳም ፈርም የሌለው) ዲስክ ነው። መንገዱ በአዘቦት ቀን ፒያሳ፣ ቸርችል ጎዳናና ለገሃር፣ እሁድ ደግሞ የእንጦጦ ቁልቁለት። አያያዙ እስካሁን አልቀነሰም። ሸራው ከ11 ሚሊ ሜትር ወደ 8 ወርዷል፤ 3 ሲደርስ ይቀየራል። የሚያስጠላው ቸርኬው ላይ የሚተወው ጥቁር አቧራ ነው።

የውድድር ሸራ ለከተማ አይገዛም። እሱ በደንብ የሚይዘው ሲግል ነው፤ ጠዋት በብርዱ መጀመሪያ ሲረገጥ ይንሸራተታል፣ ይጮሃል፣ ዲስኩንም ይበላል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ይህ ይብሳል፦ ከተማዋ ያለችው ከባሕር ወለል በ2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ የፍሬኑ ሰርቮ እግርን የሚያግዘው በአየር ግፊት በመሆኑ እገዛው ባሕር ዳርቻ ካለ ከተማ በሩብ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ ሳይሞቅ የሚይዝ ሸራ ያስፈልጋል። የተበሳ ዲስክ ያምራል፤ ነገር ግን እየጋለ እየቀዘቀዘ ከቀዳዳዎቹ ጠርዝ ይሰነጠቃል። ውድድር ለሚነዳ ፈር የወጣለት ይሻላል፣ ሸራ ቶሎ ቢጨርስም።

ሲገጠም ሃቡ (ዲስኩ የሚቀመጥበት የጎማው እምብርት) ላይ ያለው ዝገት በሽቦ ብሩሽ ካልተፋቀ ዲስኩ ቀጥ ብሎ አይቀመጥም። አዲሱ ዲስክ ላይ ያለው የዝገት መከላከያ ዘይትም በፍሬን ማጽጃ ይታጠብ። የጎማው ዳዶዎች በመስቀልኛ በ103 ኒውተን ሜትር ይጠበቁ።

ብዙ ሰው የሚዘለው አዲሱን ሸራና ዲስክ እርስ በርስ ማለማመዱን ነው። እሁድ ማለዳ፣ መንገዱ ሳይጨናነቅ፣ ከ60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ወደ 10 አሥር ጊዜ ማብረድ፣ በመሃል 30 ሰከንድ ያህል መንዳት፣ ጨርሶ አለመቆም፤ ከዚያ ፍሬን ሳይነኩ 10 ደቂቃ ነድቶ ማቀዝቀዝ። ሸራው እንደጋለ መኪናው ቆሞ ፔዳሉ ተረግጦ ከቆየ የሸራው ቁስ ዲስኩ ላይ ታትሞ ይቀራል፣ ፍሬን ሲያዝም መሪው ይንቀጠቀጣል። ባለመኪናው «ዲስኩ ተጣመመ» ብሎ ቶርኖ ቤት ያስፍቀዋል። ከመፋቁ በፊት ዲስኩ ላይ የተቀረጸው ዝቅተኛ ውፍረት ይታይ፤ ከዚያ ከቀጠነ ይጣል እንጂ አይፋቅ።

በ6ኛው ወር በቀኝ ጎማ የውስጠኛው ሸራ ከውጭኛው በ1 ሚሊ ሜትር ቀጥኖ ተገኝቷል። ምክንያቱ ካሊፐሩ (ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) የሚንሸራተትበት ፒን መድረቁ ነበር፤ ተጠርጎ በሲሊኮን ግራሶ ሲቀባ እኩል መበላት ጀመረ።

የፍሬን ዘይቱ ደረጃ ዶት 4 ነው፦ አዲስ ሳለ ከ230 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች አይፈላም፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን 155 ድረስ ሊወርድ ይችላል። ከእንጦጦ ፍሬን እየያዙ ሲወርዱ ያረጀ ዘይት ፈልቶ ፔዳሉ ወለል የሚነካው ለዚህ ነው። በየ2 ዓመቱ ይቀየር፣ ቁልቁለቱም በሁለተኛ ማርሽ ይወረድ።