ቻርኮሉን አስቀድሙ፦ ፊት ለመሳል የሞከርኳቸው ዕቃዎች

ሥዕል እንጀራዬ አይደለም። ማታ ማታና ቅዳሜ የምሠራው ነገር ነው። የምወደው ደግሞ ፊት መሳል ነው፤ አበባውም ተራራውም ብዙ አይስበኝም። ቅጠል ወደ አንድ ጎን ብታጋድል ማንም አይጠይቃችሁም። ዓይን ግን ትንሽ ዝቅ ካለች ሌላ ሰው ሆነ ማለት ነው። እስካሁን እርሳስ፣ ቻርኮል (የሥዕል ከሰል)፣ ፓስቴል፣ የውሃ ቀለም፣ አክሪሊክና ዘይት ቀለም ሞክሬያለሁ። ብዙ ጊዜ የምስለው አክስቴን ነው። ቁጭ ትልልኛለች፣ ዝም ግን አትልም።

«አንድ ብቻ ልግዛ ብል የቱ ይሻላል?» ለሚለኝ ሰው መልሴ ቻርኮል ነው።

በእርሳስ ለሚጀምር ሰው አይፈረድበትም። ቤት ውስጥ አለ፣ እጅ አያቆሽሽም። እኔ የምጠቀመው አረንጓዴውን ፋበር ካስቴል 9000 ነው። ከ1905 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ እርሳስ ነው፣ ሲቀረጽም አያስቸግረኝም። የእርሳስ ውስጡ ግራፋይትና ሸክላ ነው። ኮንቴ የሚባለው ፈረንሳዊ በ1795 ሁለቱን ቀላቅሎ መጋገርን ካመጣ ወዲህ አሠራሩ ብዙም አልተለወጠም። ሸክላው ሲበዛ ይጠነክራል፣ ይህ እርሳሱ ላይ ኤች (H) ተብሎ የሚጻፍበት ወገን ነው። ግራፋይቱ ሲበዛ ይለሰልሳል፣ ይጠቁራል፣ ይህ ደግሞ የቢ (B) ወገን ነው። ሙሉውን ሳጥን መግዛት አያስፈልግም። ኤችቢ፣ 2ቢ፣ 4ቢ እና 8ቢ ለፊት ከበቂ በላይ ናቸው።

ችግሩ ግራፋይት ያብለጨልጫል። ጥቁር ፀጉር ለመሥራት በደረባችሁ ቁጥር ከመጥቆር ይልቅ እንደ ብረት ግራጫ ይሆናል፣ ፎቶ ስታነሱት ደግሞ ይብሳል። ሌላም አለ። ሹል እርሳስ የያዘ እጅ ሽፋሽፍት ይቆጥራል። የፊቱ ቅርጽ ሳይያዝ ሽፋሽፍቱ ያልቃል።

ቻርኮል ይህን አይፈቅድም፣ የምወደውም ለዚህ ነው። ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ቀጭን የአኻያ እንጨት አየር ሳይገባው ከስሎ የተሠራው ነው። ምንም ማጣበቂያ የለውም፣ ወረቀቱ ላይ አርፎ ይቀመጣል እንጂ አይጣበቅም። በጣት ጠረግ ካደረጋችሁት ይሄዳል። ሁለተኛው ዱቄቱ ከማጣበቂያ ጋር ተጨምቆ የተሠራው ነው። እሱ ድቅድቅ ጥቁር ነው፣ ግን አንዴ ካረፈ በቀላሉ አይለቅም። መጀመሪያ የፊተኛውን፣ መጨረሻ ላይ ለዓይን ብሌንና ለአፍንጫ ቀዳዳ የኋለኛውን ተጠቀሙ። አብሮ የግድ የሚያስፈልገው እንደ ሊጥ የሚለወሰው ላጲስ ነው። ጫፉን በጣት አሹላችሁ ጠቅ ስታደርጉበት ቻርኮሉን ያነሳዋል፣ ወረቀቱን አይፍቀውም።

እንዲህ ነው የምሠራው። ወረቀቱን በሙሉ በቻርኮል እሸፍንና በጨርቅ አሽቼ ግራጫ አደርገዋለሁ። አክስቴን በአንድ ወገን ብርሃን በሚያስገባ መስኮት አጠገብ አስቀምጣታለሁ። ዓይኔን ጨፈን አድርጌ አያታለሁ። ያኔ ሽፋሽፍቱ፣ ሽብሽቡ፣ ጉትቻው ሁሉ ይጠፋና ጨለማና ብርሃን ብቻ ይቀራል። ከዚያ በላጲስ ግንባሯን፣ የጉንጯን አጥንትና የአፍንጫዋን ሸንተረር አወጣለሁ። የዓይን ጉድጓዶቹን፣ ከአፍንጫ ሥርና ከታችኛው ከንፈር ሥር ያለውን አጠቁራለሁ። አንድም መስመር አልተሰመረም፣ ግን ማን እንደሆነች ይታወቃል። እሷ ራሷ እንኳ ዞር ብላ አየችና «ገና ዓይን ሳትሠሪልኝ አፈጠጥኩብሽ» አለች።

ጉዳቱን አልደብቅም። እጅ፣ ጠረጴዛ፣ እጅጌ ሁሉ ይጠቁራል። ሥራው እንዳይጠረግ የሚነፋበት መርጫ አለ፣ እሱን ደጅ ወይም መስኮት ከፍታችሁ ንፉ። ለስላሳ የፕሪንተር ወረቀት ደግሞ አይዝለትም፣ ትንሽ ሻካራ መሆን አለበት።

ቻርኮል ከለመዳችሁ ሶፍት ፓስቴል ቅርብ ነው። ቀለሙ በጥቂት ማጣበቂያ የተያዘ ዱቄት ስለሆነ የሚደርቅ ነገር የለውም፣ ያያችሁት ቀለም ያው ነው። ሻርዳን የሚባለው ፈረንሳዊ ሠዓሊ በስተርጅና ዓይኑ ሲደክም የዞረው ወደ ፓስቴል ነው። በ1771 መነጽሩን አድርጎ የሠራው የራሱ ፊት ሉቭር ሙዚየም አለ። ዱቄቱን ግን እፍ አትበሉት፣ ወረቀቱን አቁማችሁ መታ መታ አድርጉት። ወደ ሳንባ የሚገባ ነገር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። «የፊት ቀለም» ተብለው በሳጥን የሚሸጡት ስብስቦች ብዙዎቹ ሮዝና ክሬም ናቸው። ክራዮላ የተባለው የልጆች ክራዮን አምራች እንኳ «የቆዳ ቀለም» ይለው የነበረውን ክራዮን በ1962 «ኮክ» ብሎ ስሙን ቀይሮታል፣ በሠዓሊ ቀለም ቱቦ ላይ ግን «የቆዳ ቀለም» የሚለው ስም ዛሬም አልጠፋም። ተዉት፣ አትግዙት። የጠይም ፊት መነሻ በርንት ሲየና (ቀላ ያለ ቡኒ)፣ የሎ ኦከር (የአፈር ቢጫ) እና አልትራማሪን (ደማቅ ሰማያዊ) ነው። ጥላውን በጥቁር አታጥቁሩ፣ አመድ ይመስላል። ሲየናውን በሰማያዊ አጥቁሩት። በመስኮት ብርሃን ደግሞ የጠይም ግንባር ወዝ ነጭ አይደለም፣ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ይህን ልብ ካላችሁ ፊቱ ወዲያው ነፍስ ይዘራል።

የውሃ ቀለም ላይ ገንዘባችሁን ወረቀቱ ላይ አውጡ። አንድ ርካሽ ደብተር «ለውሃ ቀለም» ተብሎ ተጽፎበት ሁለተኛውን ድርብ ስቀባ ተሸበሸበ፣ ጉንጩ ላይ ወረቀቱ ፀጉር አወጣ። በካሬ ሜትር 300 ግራም የሆነ፣ ቢቻል ከጥጥ የተሠራ ወረቀት ይሻላል። ሲደርቅ እንደሚደበዝዝም አስቡበት።

አክሪሊክን (በውሃ የሚቀጥነውን፣ ሲደርቅ እንደ ፕላስቲክ የሚሆነውን ቀለም) ለፊት አልመክረውም። በደቂቃዎች ይደርቃል፣ ጉንጭ ላይ ብርሃኑን ከጥላው ማዋሐድ ትግል ነው። ሲደርቅም ትንሽ ይጠቁራል። ለዘይት ቀለም መደብ ግን ጎበዝ ነው፤ አክሪሊክ ከሥር፣ ዘይት ከላይ። ተገላቢጦሹ አይሆንም።

ዘይት ቀለም ውድ ነው ብለው የሚፈሩት ብዙ ናቸው። አንደርሽ ዞርን የተባለውን ስዊድናዊ ሠዓሊ ተመልከቱ። በስሙ የሚጠራው የቀለም ምርጫ አራት ብቻ ነው፦ የሎ ኦከር፣ ቀይ፣ አይቮሪ ጥቁርና ነጭ። ሰማያዊ የለበትም። ጥቁሩ ከነጭ ጋር ተቀላቅሎ ከሞቃት ቀለም አጠገብ ሲቀመጥ ዓይን ሰማያዊ ነው ብሎ ያየዋል። በነዚህ አራቱ አክስቴን ነጠላዋን እንዳጣፋች ሠራኋት፣ የጎደለ ቀለም አልታየኝም። ቀለሙ የተለወሰበት የተልባ ዘይት ደግሞ አይተንም፣ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው። ስለዚህ ዛሬ ያልተዋሐደ ጉንጭ ነገም ይዋሐዳል።

ብሩሽ የምታጥቡበት አኳራጅ ይሸታል፣ መስኮት ይከፈት። ዘይት የነካ ጨርቅ ጨምድዳችሁ አትጣሉ፤ ከራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግታችሁ አድርቁት። ከአራቱ ቀለሞች ደግሞ ነጩን በትልቁ ቱቦ ግዙ፣ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው።