«አበበ ያሸነፈበት ስታዲየም» ለሚለው የሮም ጉዞ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

በአውሮፓ የሐበሻ ቴሌግራም ቡድኖች ውስጥ አንድ ማስታወቂያ እየዞረ ነው። የሮም ኦሊምፒክ ስታዲየም ከላይ የተነሳ ፎቶ፣ መሃሉ ላይ አበበ ቢቂላ። «ጀግናችን በባዶ እግሩ ታሪክ የሠራበትን ስታዲየም በዓይናችሁ እዩ» ይላል። አውቶቡስ አለ፣ ሆቴል አለ፣ የስታዲየም ጉብኝት አለ፣ የሴሪ አ ጨዋታም አለ። በሰው 490 ዩሮ። ግማሹ ቀብድ ነው፤ የሚገባው ደግሞ በአንድ ሰው የግል ሒሳብ። «ቦታ እያለቀ ነው» የምትለዋም አልቀረችም።

እኛ ከፍራንክፈርት ሄደናል፤ የእድር ሽማግሌዎች ጭምር። የምጽፈው ያየነውን ነው። የአዘጋጁን ስም አልጠቅስም፤ ማስታወቂያውን ያየ ያውቀዋል።

ዋናውን ልናገር። አበበ ማራቶኑን በዚያ ስታዲየም አልጀመረም፣ አልጨረሰምም። የ1960 የሮም ማራቶን የተነሳው ከካምፒዶልዮ ኮረብታ ግርጌ ነው። ያለቀው ኮሎሲየም አጠገብ፣ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ነው። መነሻውም መድረሻውም ከስታዲየም ውጭ ሲሆን በኦሊምፒክ ታሪክ የመጀመሪያው ነበር። ቀኑ ሴፕቴምበር 10፣ በእኛ ጳጉሜ 5 ቀን 1952፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ሙቀቱን ለመሸሽ ሲባል ውድድሩ የተጀመረው ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አመሻሽ ላይ ወታደሮች ችቦ ይዘው በጥንታዊው የአፒያ መንገድ ዳር ቆመው ያበሩ ነበር። አበበ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ፤ የዓለም ምርጥ ሰዓት። ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም 25 ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ተከተለው።

ስታዲየሙ ያለው ደግሞ ከከተማው መሃል ወደ ሰሜን፣ ቲቤር ወንዝ ዳር ነው። ከቅስቱ ብዙ ኪሎ ሜትር ይርቃል። አስጎብኚያችን ግን አንዱን በር በጣቱ እያሳየ «በዚህ ነው የገባው» አለን። ደረቅ ውሸት! አንዳንዶቹ በሩን ዳሰሱት። ምን ይደረግ፣ አምነውታል።

አሁን ደግሞ የሚያበሳጨው ይመጣል። የስታዲየሙ ግቢ ፎሮ ኢታሊኮ ይባላል። ድሮ ስሙ ፎሮ ሙሶሊኒ ነበር። መግቢያው ላይ ከነጭ የካራራ እብነ በረድ የተሠራ ሐውልት ቆሟል፤ በላዩ ላይ በትልልቅ ፊደል «ሙሶሊኒ ዱክስ» (መሪው ሙሶሊኒ) ተጽፎበታል፤ ዛሬም አልተፋቀም። ከዚያ ወደ ስታዲየሙ የሚወስደው መንገድ ግራና ቀኙ የድንጋይ ብሎኮች ናቸው፤ የፋሺስቱን ዘመን «ድሎች» በቀን በቀን ይዘረዝራሉ። አንዱ ሜይ 9 ቀን 1936ን ይዟል። አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ ሙሶሊኒ «ኢምፓየር አለን» ብሎ ያወጀበት ቀን ነው። መሬቱ ላይ ያለው ሞዛይክ «ዱቼ ዱቼ» ይላል፤ ያው «መሪ» ማለት ነው፣ የሙሶሊኒ መጠሪያ።

እንግዲህ አስጎብኚው ባንዲራችንን የዘረጋው እዚህ ሐውልት ሥር ነው። ለግሩፕ ፎቶ። አንድ አባት፣ ልጅ ሳሉ ከአርበኞች አፍ የሰሙ ሰው፣ ቀና ብለው አነበቡት።

«ልጄ፣ ይሄ ስም እዚህ ምን ይሠራል?»

«ጋሼ፣ እሱ ያረጀ ታሪክ ነው። ትንሽ ወደ ግራ ይጠጉልኝ።»

ጋሼ አልተጠጉም። ዘንጋቸውን ይዘው ወደ አውቶቡሱ ሄዱ።

ቦታው መታየት የለበትም እያልኩ አይደለም። እንዲያውም ይህንን ታሪክ አውቆ ለሚሄድ ሰው ከሮም ቦታዎች ሁሉ ብዙ የሚነግረው እዚያ ነው። ለኢትዮጵያውያን አስጎብኚ ነኝ ብሎ ገንዘብ የተቀበለ ሰው ግን ሳይናገር አያልፈውም።

«ጉብኝት» የምትለዋንም ተጠንቀቁ። ፕሮግራሙ የተላከልን ከፍለን ከጨረስን በኋላ ነው። እዚያ ላይ «የስታዲየም ጉብኝት» ከሚለው ጎን በቅንፍ «ከውጭ» ተብሎ ተጨምሯል። የደረስነው ደግሞ ጨዋታ ባለበት ቀን ነው። ጨዋታ ባለበት ቀን የትም አገር ቢሆን የስታዲየም ጉብኝት ወይ ይዘጋል ወይ ያጥራል። የመልበሻ ክፍል፣ ተጫዋቾች የሚወጡበት መተላለፊያ፣ የአሰልጣኞች ወንበር፣ ሁሉም የክለቦቹ ነው በዚያ ቀን። ይህን የሚያውቅ አስጎብኚ ሁለቱን በአንድ ቀን አይሸጥም።

ጨዋታውስ? ጣሊያን ውስጥ የስታዲየም ቲኬት በስም ነው። ቲኬቱ ላይ ያለው ስምና መታወቂያችሁ ላይ ያለው ስም በሩ ላይ ይተያያል። ለእኛ የመጡት ቲኬቶች በማናውቃቸው ጣሊያኖች ስም ነበሩ። አስጎብኚው ሽማግሌዎቹን «ዝም ብላችሁ አሳዩ» አላቸው። በሩ ላይ የቆመው ሰው አንድ ጊዜ ቲኬቱን፣ አንድ ጊዜ ፓስፖርቱን አየ፤ ራሱን ነቀነቀ። አንዳንዶቻችን እንዴት እንደሆነ ሳይታወቅ ገባን፤ ሌሎቹ እዚያው ውጭ ከደጋፊ ሻርፕ ሻጮች ጋር አመሹ። የቲኬት ስም የሚቀየረው ራሱ ክለቡ በሚፈቅደው መንገድ ብቻ ነው። ሻጩ ስማችሁንና የትውልድ ቀናችሁን ካልጠየቃችሁ ያ ቲኬት የእናንተ አይደለም።

ለገባነውም ቢሆን ልንገራችሁ፤ በሜዳውና በተመልካቹ መሃል የመሮጫ መም አለ። ከጎሉ ጀርባ ከተቀመጣችሁ ማዶ ያለው ጎል ላይ የሚሆነውን በግምት ነው የምታዩት። ድባቡ ግን ሌላ ነው። የሮማ ክለብ ደጋፊ በኩርቫ ሱድ፣ ከደቡቡ ጎል ጀርባ ባለው መቀመጫ፣ ሲዘምር ለኳስ የሚሞት ሰው ይረካል። አትሌቲክስ ወዳድ ከሆናችሁ ደግሞ ጎልደን ጋላ የሚባለው ዓመታዊ የአትሌቲክስ ውድድር የሚካሄደው እዚያ ነው፤ ሯጮቻችን በተደጋጋሚ ሮጠውበታል። ያን ቀን ሂዱ፣ ቲኬታችሁን በስማችሁ ከራሱ ከአዘጋጁ ግዙ።

አሁን አበበን ፍለጋ ለምትሄዱ። የሚከፈልበት ነገር የለም! ከካምፒዶልዮ ተነሱ። በፎሪ ኢምፔሪያሊ ጎዳና ወደ ኮሎሲየም ውረዱ። የቆስጠንጢኖስን ቅስት ከአጥሩ ውጭ ሆናችሁ በነጻ ታያላችሁ፤ ዋናው ቦታ ያ ነው። ከዚያ በሳን ግሪጎሪዮ ጎዳና ቀጥሉ። ግድግዳ ላይ የድሉን 50ኛ ዓመት የሚያስታውስ ጽሑፍ ታገኛላችሁ። አስጎብኚያችን ይህንን ጨርሶ አያውቀውም። በዚያው በ2010 በተካሄደው የሮም ማራቶን ያሸነፈው የእኛው ሲራጅ ገና የመጨረሻዎቹን 300 ሜትሮች ጫማውን አውልቆ ነው የሮጠው።

ጎዳናው ሲያልቅ ፖርታ ካፔና አደባባይ ይመጣል፣ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) ዋና መሥሪያ ቤት ያለበት። ያ ሕንፃ የተጀመረው ለፋሺስቱ የአፍሪካ ሚኒስቴር ተብሎ ነው። የአክሱም ሐውልት ከተዘረፈ በኋላ የቆመው እፊቱ ነበር። አበበ ከመድረሻው ብዙም ሳይርቅ፣ ሐውልቱ ያለበት ቦታ ላይ ነው ሞሮኳዊውን ጥሎት የሄደው። ሐውልቱ በ2005 ወደ አገሩ ተመልሷል፣ በ2008 አክሱም ላይ ተተክሏል። ዛሬ አደባባዩ ላይ ሁለት ዓምዶች ናቸው ያሉት። ሽማግሌ ይዛችሁ ከሆነ ሜትሮ ቢ ተሳፍራችሁ ቺርኮ ማሲሞ ውረዱ፣ ቅርብ ነው። ከመስከረም ጀምሮ ሂዱ፤ የሐምሌና የነሐሴ የሮም ፀሐይ አይቻልም።

ገንዘቡን በተመለከተ። የአውሮፓ ኅብረት የጥቅል ጉዞ መመሪያ አለው፣ ቁጥሩ 2015/2302። ትራንስፖርትና ሆቴል አንድ ላይ አድርጎ በአንድ ዋጋ የሚሸጥ ነጋዴ ከመክፈላችሁ በፊት ዝርዝሩን በጽሑፍ ሊሰጣችሁ፣ ቢከስር ገንዘባችሁ የሚመለስበትን ዋስትናም ሊያሳያችሁ ይገደዳል። ጀርመን ውስጥ ወረቀቱ ዚሸሩንግስሻይን ይባላል። እሱን ሳያሳይ ቀብድ መቀበል አይችልም። ቃል የተገባው ነገር ካልተሟላ የዋጋ ቅናሽ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ለአባላቱ ብቻ፣ አልፎ አልፎ፣ ያለ ትርፍ ጉዞ የሚያዘጋጅ ማኅበር በዚህ ሕግ አይያዝም። ስለዚህ ሻጩ «እኛ ማኅበር ነን» ሲላችሁ ትርፉን ጠይቁት።

ጉዞውን የሸጠልን ሰውዬ ቅናሽ ስንጠይቀው በድምፅ መልእክት «እኔ አገናኝ ብቻ ነኝ» አለን። ከዚያ ብሎክ። በካርድ የከፈሉት ጥቂት ሰዎች ለባንካቸው አመልክተዋል። በግል ሒሳብ ያስገባነው ግን ነገሩ ከባድ ነው።

ሌላም ማስታወቂያ ወጥቷል፣ በዚያው ስልክ ቁጥር። «የአበበ ቶኪዮ 64 ስታዲየም» ይላል፣ ዋጋው ብዙ እጥፍ። አበበ በ1964 በእርግጥም ስታዲየም ውስጥ ገብቶ ጨርሷል፤ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ የሚያሳየው ፊልምም አለ። ያ ስታዲየም ግን በ2015 ፈርሷል። አሁን ያለው በቦታው የተሠራው፣ በ2019 የተከፈተው ነው። ቀጥሎ አትላንታም ሊመጣ ይችላል። ፋጡማ ሮባና ኃይሌ በ1996 ወርቅ ያገኙበት ስታዲየም ወዲያው ወደ ቤዝቦል ሜዳ ተቀይሮ፣ ዛሬ የአንድ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ እግር ኳስ ሜዳ ሆኗል። የሮጡበት መም የለም።

ከእኛ ጋር የተጓዛችሁ ወይም ለቶኪዮው ቀብድ የከፈላችሁ ካላችሁ የማስታወቂያውን ስክሪንሾት፣ የድምፅ መልእክቶቹንና የባንክ ማስተላለፊያውን አታጥፉ። ጀርመን ያላችሁ በየከተማው ካለው የሸማቾች ምክር ቢሮ፣ ከቨርብራውኸርሰንትራለ፣ ቀጠሮ ያዙ። ሻጩ በሌላ የኅብረቱ አገር ከሆነ ደግሞ የአውሮፓ ሸማቾች ማዕከል በነጻ ያግዛል። ማመልከቻችንን ጀምረናል፤ መግባት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።